ጉድጓዱ ሳይደፈን

ከደንበል ወደ ወሎ ሰፈር ሲኬድ ኦሎምፒያ ላይ ያለው መሬት ባለፉት ሃያ ዓመታት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሆዱ ተከፍቷል። መጀመሪያ ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ ያለው መንገድ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት እንደ አዲስ ሲገነባ፣ ቀጥሎም በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ። በሁለተኛው ዙር ምሰሶዎች ተነቅለው የመብራቱም የቴሌውም መስመር ወደ መሬት ገባ፤ የእግረኛው መንገድ ሰፋ፣ የብስክሌት መስመር ተጨመረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። በመሃል በመሃሉ እያንዳንዱ አዲስ ሕንፃ የራሱን ውሃ፣ ፍሳሽ፣ መብራትና ፋይበር ለማስገባት አስፋልቱን ጠርዝ ጠርዙን ሲቆርጥ ኖሯል። በእነዚህ ቁፋሮዎች ሁሉ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከሥር ምን አለ? ጥያቄው ዘግይቶ፣ ኤክስካቫተሩ ጥርሱን ካወረደ በኋላ ይጠየቃል ብሎ መውቀስ የተለመደ ነው። ወቀሳው ልክ ቢሆንም ጎዶሎ ነው። በጊዜው ቢጠየቅም መልሱ የሚገኘው ያለፈው ቆፋሪ ጉድጓዱን ከመድፈኑ በፊት ለክቶ፣ መዝግቦ፣ ለሚመለከተው አስረክቦ ከሄደ ብቻ ነው። የዛሬው ሠራተኛ በ15 ኪሎ ቮልት ኬብል ላይ ዲጂኖ ያሳርፍ አያሳርፍ የሚወሰነው በአብዛኛው ከዓመታት በፊት፣ ሌላ ሰው ቦዩን በደፈነበት ሰዓት ነው።

ይህን ስል ጉዳዩ ሁሉ «የቅንጅት ችግር» ነው የሚለውን የለመድነውን አባባል እየተቃወምኩ ነው። ቅንጅት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ከአንድ የኦሎምፒያ የእግረኛ መንገድ ሥር የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ የኢትዮ ቴሌኮምና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሳፋሪኮም ንብረት ሊኖር ይችላል፤ መንገዱ ራሱ የመንገዶች ባለሥልጣን ነው። እነዚህን ማስማማት ከባድ መሆኑን መንግሥትም ከተረዳው ቆይቷል፤ በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 857 የተቀናጀ መሠረተ ልማትን የሚያስተባብር የፌዴራል ኤጀንሲ እስከ ማቋቋም ደርሶ ነበር። ነገር ግን ስብሰባ የሚያቀናጀው ተሰብሳቢው ይዞት የመጣውን መረጃ ነው። አምስቱም ወገን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አምስቱም የየራሳቸውን ሥዕል ዘርግተው፣ ሥዕሎቹ በሙሉ ከመሬቱ ጋር የማይገናኙ ከሆነ ከአዳራሹ የሚወጣው ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው። ኦፕሬተሩ በቃለ ጉባኤ አይቆፍርም።

ሥዕሉ ከመሬቱ ጋር የማይገናኘው ሠሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ዲዛይነሩ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ መስመሩን ከጠርዝ ድንጋዩ 1 ሜትር ከ50 ገባ አድርጎ ይስለዋል። ሳይት ላይ ቦዩ ሲከፈት ዐለት ይገጥማል፣ የዛፍ ሥር ይገጥማል፣ በሥዕሉ ላይ የሌለ ማንሆል ይወጣል፣ ወይም ማንም የማያውቀው የብረት ቱቦ መሃል ላይ ተጋድሞ ይገኛል። ፎርማኑ ማድረግ ያለበትን ያደርጋል፤ መስመሩን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ወይም ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ያሳልፈዋል። ውሳኔው ትክክል ነው። ስሕተቱ ቀጥሎ ይመጣል። ያቺ ማዞሪያ በፎርማኑ ጭንቅላት ውስጥ ትቀራለች፣ ቦዩ ይደፈናል፣ ሥራው ሲያልቅ «አዝ ቢልት» (እንደተሠራው) የሚል ማኅተም ያረፈበት ያው የዲዛይኑ ሥዕል ታትሞ ይረከባል። ፎርማኑ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያ ሥዕል ከባዶ ወረቀት ይብሳል፤ ባዶ ወረቀት የያዘ ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃል፣ ማኅተም ያለበት ሥዕል የያዘ ግን ተማምኖ ማሽን ያስገባል።

የጥልቀቱ ነገር ደግሞ ከአቅጣጫው ይከፋል። በሥዕል ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ከመሬት በታች 80 ሴንቲ ሜትር» ወይም «1 ሜትር» የሚል ነው። የትኛው መሬት? ኦሎምፒያን የመሰለ ቦታ ላይ የመንገዱ ወለል በየግንባታው ይቆረጣል ወይም ይሞላል፤ መጋጠሚያው ተሻጋሪ ሲሠራለት ቁልቁለቱ ተቀይሯል፣ የእግረኛ መንገዱ ሲሰፋ የቀድሞው የግቢ አፈር ተጠርጎ ንጣፍ ተነጥፎበታል። አንድ ኬብል ሲቀበር በእርግጥም 1 ሜትር ላይ ነበር እንበል። ከዓመታት በኋላ ወለሉ 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ኬብሉ ከአዲሱ ንጣፍ በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው ያለው፤ ማንም ሳይነካው። የንጣፍ አልጋ ለማስተካከል የሚወርደው የማሽን ጥርስ ከዚያ አይርቅም። ስለዚህ ጥልቀት ከወለሉ ሳይሆን ከባሕር ጠለል በላይ ባለው ከፍታ መመዝገብ አለበት፤ ከፍታው በመንገድ ሥራ አይቀየርም። ሰርቬየሩ ለአስፋልቱና ለጠርዝ ድንጋዩ የሚሠራው በዚሁ ነው። ለአስፋልቱ በሚሊ ሜትር የሚጨነቅ ሳይት ለኬብሉ «ወደ 1 ሜትር ገደማ» ብሎ ማለፉ ለእኔ ሊገባኝ አልቻለም።

እዚህ ላይ የዘመኑ መሐንዲስ ጥሩ መከራከሪያ አለው፤ ለምን ወደ ኋላ ትሄዳለህ፣ ዛሬ መሬት ሳይከፈት የሚያይ መሣሪያ አለ ይላል። አለ። መጠቀምም ግዴታ ሊሆን ይገባል። መሣሪያው የማያየውን ሳያውቁ መተማመን ግን ሌላ አደጋ ነው። በእጅ ተይዞ የሚሄደው የኬብል መፈለጊያ በቀላሉ የሚሰማው ኤሌክትሪክ የሚፈስበትን ኬብል ነው። መብራት በጠፋበት ሰዓት የተደረገ ፍተሻ ዝም ያለ መሬት ያሳያል፤ መብራቱ ሲመለስ ኬብሉ አብሮ ይመለሳል። ኮሪደሩ ላይ ይህ በየቀኑ ያለ ነገር ነው፤ የመንገድ መብራት ኬብል ቀን ቀን ባዶውን ይውላል፣ ማታ ይሞላል። ቀን ተፈትሾ «ንጹሕ ነው» የተባለ ቦታ በማታው ፈረቃ ሲቆፈር ማሰብ በቂ ነው። መሣሪያው የራሱን ሲግናል ወደ ኬብሉ የሚልክ ማመንጫ አለው፤ ይህ ችግሩን ያቃልላል፣ ሆኖም ማመንጫውን ለማያያዝ የኬብሉን ጫፍ ወይም ማንሆሉን ማግኘት ይጠይቃል። የፕላስቲክ የውሃ ቱቦና ብረት የሌለበት የፋይበር ኬብል ደግሞ ከጎናቸው የመፈለጊያ ሽቦ ካልተቀበረ ለዚህ መሣሪያ የሉም ማለት ይቻላል። በሬዲዮ ሞገድ መሬት የሚያነበው ራዳር ፕላስቲኩን ያያል፤ ግን ሸክላማ አፈር፣ ያውም የረጠበ፣ ሞገዱን ይውጠዋል። የአዲስ አበባ አፈር አብዛኛው ሸክላማ ነው፣ ክረምቱም ረጅም። በደረቅ አሸዋ ላይ ሁለትና ሦስት ሜትር የሚያነብ ራዳር በሐምሌ ጥቁር አፈር ላይ ዓይኑ ቶሎ ይፈዛል። እንግዲህ መሣሪያው ጥርጣሬን ያጠባል እንጂ የጠፋን መዝገብ አይተካም።

ጥርጣሬውን የሚዘጋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእጅ የሚቆፈር የሙከራ ጉድጓድ። ይህ ሥራ ከሚባለው በላይ ጥበብ አለው። ንጣፉ ከተነሳ በኋላ አፈሩን ማየት ነው የሚቀድመው። ያልተነካ መሬት ከላይ እስከ ታች አንድ መልክና አንድ ጥንካሬ አለው፤ አንዴ ተከፍቶ የተደፈነ ቦይ ግን ቀይ ገረጋንቲ ከጥቁር አፈር ጋር የተቀላቀለበት፣ የጡብ ስብርባሪ የሚገኝበት፣ አካፋ በቀላሉ የሚገባበት ነው። እንደ ወጉ ከተቀበረ መጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ቴፕ ይወጣል፣ ከሥሩ ጡብ ወይም የሲሚንቶ ሰሌዳ፣ ከዚያ ንጹሕ አሸዋ፣ ከአሸዋው ውስጥ ኬብሉ። አሸዋ በታየ ቅጽበት ዲጂኖ ከጉድጓዱ መውጣት አለበት። ሳይቶቻችን ላይ በዚህ ረገድ ያለን ልማድ መጥፎ ነው። ሠራተኛው መሬቱ ሲጠነክርበት የሚያነሳው ዲጂኖን ነው፤ ዲጂኖ ደግሞ ከራስ በላይ ተነሥቶ፣ ክብደቱ በአንድ ሹል ጫፍ ላይ አርፎ የሚወርድ፣ ከእጅ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ብረት ነው። ኬብሉን ቢበሳ በሠራተኛው መዳፍና በኃይሉ መካከል ምንም የለም። አካፋው በአግድም እየላጠ መሄድ፣ እጀታው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሆን፣ ማሽኑም ከተገመተው መስመር ቢያንስ ግማሽ ሜትር መራቅ አለበት። በእጅ መቆፈር በራሱ ጥንቃቄ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ በዲጂኖ የሚቆፈር የእጅ ቁፋሮ ከጠንቃቃ ኦፕሬተር ማሽን የባሰበት ጊዜ ብዙ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ የት ጊዜ አለው? ይህ ተቃውሞ ከሁሉም በላይ የሚሰማ ነው፣ በቀንና በሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ የኮሪደር ሳይት ደግሞ እውነት አለበት። ግን ጊዜው የሚባክነው የት እንደሆነ እናስላ። የሙከራ ጉድጓድ ግማሽ ቀን ይበላል፤ የተቆረጠ ዋና የውሃ መስመር ግን መጀመሪያ መዝጊያው ቫልቭ የት እንዳለ እስኪገኝ፣ ከዚያ ቦዩ ተጠርጎ እስኪደርቅ፣ ከዚያ መጋጠሚያው ዕቃ ከመጋዘን እስኪመጣ ሳይቱን ያቆማል። መለካቱ ደግሞ ከሙከራ ጉድጓዱም ይቀላል። ሰርቬየሩና መሣሪያው ለመንገዱ ሲሉ እዚያው ሳይት ላይ ናቸው። ለ100 ሜትር ቦይ በየ10 ሜትሩ፣ በየመታጠፊያውና ሌላ መስመር በሚያቋርጥበት ቦታ ነጥብ ቢወሰድ 20 ነጥብ ገደማ ነው፤ የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይሞላም። ያው መረጃ ከተደፈነ በኋላ ይፈለግ ቢባል ንጣፍ ማንሳት፣ የመንገድ መዝጊያ ፈቃድ፣ መሣሪያና መልሶ ማንጠፍ ይጠይቃል። ክፍት ቦይ የከተማዋ እጅግ ርካሽ የመለኪያ ዕድል ነው። ኦሎምፒያ ላይ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው ቦይ አዲሱን ብቻ ሳይሆን በጎንና በጎን የታዩትን የድሮ መስመሮች ሁሉ ለመመዝገብ የተገኘ አጋጣሚ ነበር። እንዲህ ያለው አጋጣሚ በየአሥር ዓመቱ አይመጣም፤ ባይመጣም ይመረጣል።

«እሱ የድሮ ጣጣ ነው፤ አሁን ሁሉም በዳክት፣ በኬብል ማሳለፊያ ቱቦ፣ ገብቷል፣ ማንሆል አለው፣ ከእንግዲህ ቁፋሮ የለም» የሚሉም አሉ። የዳክቱ ሥራ ትልቅ መሻሻል መሆኑን አልክድም፤ ኬብል ለመጨመር ንጣፍ ማንሳት ካልቀረ ልማቱ ግማሹን ጥቅሙን ያጣ ነበር። ሆኖም ዳክቱ ዋናውን መንገድ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ከማንሆል ወደ ሕንፃው የሚገባው ቅርንጫፍ፣ ወደ መስቀል ፍላወር የሚወስዱት የውስጥ መንገዶች፣ የውሃውና የፍሳሹ የቤት መስመር ከዳክቱ ውጭ ናቸው፤ ቁፋሮውም ከእንግዲህ የሚበዛው እዚያው ነው። ሌላው ሰዎች የሚረሱት የቀረውን ነው። ካዛንቺስን የመሰለ ሰፈር ሲነሳ ቤቱ ይፈርሳል፣ ቆጣሪው ይነቀላል፤ ከዋናው መስመር እስከ ቆጣሪው ይሄድ የነበረው ቱቦ ግን መሬት ውስጥ ሊቀር ይችላል። የተዘጋው ከዋናው ላይ ነው ወይስ ከጫፉ ብቻ? ከጫፉ ከሆነ ውሃው አሁንም በግፊት እዚያው አለ፣ የሚጠብቀው የአንድ አዲስ ሕንፃ መሠረት ቆፋሪን ነው። ከአገልግሎት ውጭ የሆነ መስመር «የሞተ» ተብሎ ከካርታ ይሰረዛል፤ መሆን ያለበት ግን «እዚህ ያለ፣ ያልተረጋገጠ» ተብሎ መጻፍ ነው። የሞተ መስመር የሚባል ነገር የለም፣ ባለቤቱ መጥቶ ሞቷል ብሎ በጽሑፍ እስኪያረጋግጥ ድረስ።

ጥብቅ ቅጣት ይበጃል የሚለው ሐሳብ ሰሚ አያጣም። የቴሌኮምና የኤሌክትሪክ ኔትወርኮችን ከጉዳት ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 464 ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ሆን ብሎ ለሚቆርጥና ለሚሰርቅ ቅጣት ሊከብድ ይገባል፣ በዚህ አልከራከርም። በሥራ ላይ ሳለ ያልተመዘገበ ኬብል የነካን ኦፕሬተር በዚሁ መንፈስ ማስፈራራት ግን ጉዳትን አይቀንስም፣ ጉዳትን ይደብቃል። ልብሱ የተላጠ ኬብል በዚያው ቀን ላይቋረጥ ይችላል፤ አፈር ከለበሰ በኋላ እርጥበት እየገባ ከወራት በኋላ ይፈነዳል፣ ያን ጊዜ ማን እንደነካው አይታወቅም። የዚህ ዓይነቱ ዝምታ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ቤልጅየም ታውቀዋለች። ሐምሌ 23 ቀን 1996 ዓ.ም. ጊላንጊየን በተባለ ቦታ የከፍተኛ ግፊት የጋዝ ቱቦ ፈንድቶ 24 ሰዎች ሞቱ። ቱቦው ቀደም ሲል በነበረ የግንባታ ሥራ በማሽን ተጭሮ ነበር፤ ጭረቱ እንዳለ ቆይቶ ግፊቱ ሲጨምር ነው የተቀደደው። እኛ ከመንገዳችን ሥር የጋዝ መስመር የለንም፤ ተመስገን ነው። የተላጠ ኬብልና የተጫረ ቱቦ ግን አሉን። «ነካሁ» ብሎ ወዲያው የሚናገር ኦፕሬተር የማይከሰስበት፣ ደፍኖ የሄደ ግን የሚጠየቅበት ደንብ ቢኖረን የበለጠ እንጠቀማለን።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከባድ ሰው የሚያነሳው ነው፤ የከተማ የኃይልና የመገናኛ መስመር ካርታ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ለማንም ኮንትራክተር መሰጠቱ የጸጥታ ጉዳይ አይሆንም ወይ? ይሆናል። መልሱ ግን አንድ ትልቅ ካርታ መሥራት አይደለም። ኔዘርላንድ በ2000 ዓ.ም. በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ በማሽን የሚቆፍር ሁሉ አስቀድሞ የሚቆፍርበትን ቦታ ወሰን ለካዳስተሩ መሥሪያ ቤት ያሳውቃል፤ መሥሪያ ቤቱ ጥያቄውን እዚያ ቦታ ላይ መስመር ላላቸው ባለቤቶች ያስተላልፋል፣ እነሱም የዚያችን ቦታ መረጃ ብቻ ይሰጣሉ። ካርታው በየባለቤቱ እጅ ይቆያል፤ ቆፋሪው የሚያየው የሚቆፍራትን ቁራጭ ነው። ለእኔ ከዚህ ሕግ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሌላው አንቀጹ ነው፤ ቆፋሪው ሲከፍት ከተሰጠው መረጃ የተለየ ወይም ያልታወቀ መስመር ካገኘ መልሶ ማሳወቅ አለበት። እያንዳንዱ ቁፋሮ ካርታውን ያርመዋል ማለት ነው። አሜሪካኖች ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ 811 የሚባል ነጻ የስልክ ቁጥር አላቸው፤ ደዋዩ ዘንድ ባለሙያ ተልኮ መስመሩን በመሬት ላይ በቀለም ያሰምራል፣ ኤሌክትሪክን በቀይ፣ የመጠጥ ውሃን በሰማያዊ፣ ፍሳሽን በአረንጓዴ። እዚህም እንዲህ ያለ ቁጥር ይኑር የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። ይኑር፤ ነገር ግን ስልኩን የሚያነሳው ሰው ፊት ለፊት ያለው መዝገብ ያው ማኅተም ያረፈበት የዲዛይን ሥዕል ከሆነ ቀለሙ የሚሰመረው በተሳሳተ ቦታ ነው።

ስለዚህ ሥራው ከታች ይጀመር እላለሁ። አዲስ አዋጅ ወይም አዲስ ባለሥልጣን መጠበቅ አያስፈልገውም፣ በያዝነው ውል ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። የተቀበረ መስመር ልኬት በሥራ ዝርዝሩ ላይ የራሱ ቁጥርና የራሱ ዋጋ ያለው ሥራ ይሁን፤ ዋጋ የሌለው ሥራ እንደማይሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ልኬቱ መነሻውና መድረሻው፣ ከፍታው፣ የቱቦው ዓይነትና ስፋቱ፣ የተለካበት ቀንና የለካው ሰው ስም ይኑርበት፤ በጎን የታየ የሌላ ባለቤት መስመር ካለ እሱም ይግባ፣ ቅጂው ለባለቤቱ ይላክ። ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ የአስፋልቱን ጥግግት ውጤት ሳያይ የክፍያ ሰርተፍኬት እንደማይፈርም ሁሉ የነጥቦቹን ዝርዝር ሳይቀበል መድፈንን አያጽድቅ።

ኮንትራክተር ያልሆናችሁ፣ ኦሎምፒያም ሆነ ካዛንቺስ ሕንፃ ያላችሁና ነገ ከነገ ወዲያ ውሃ ወይም ፋይበር የምታስገቡ አንባቢዎችም በዚህ ውስጥ ድርሻ አላችሁ። ሠራተኛው ቦዩን ከመድፈኑ በፊት ከግቢያችሁ ማዕዘን እስከ መስመሩ ያለውን ርቀት በሜትር አስለኩ፣ ሜትሩ እንደተዘረጋ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ፎቶውን ከይዞታ ካርታችሁና ከግንባታ ፈቃዱ ጋር አስቀምጡ፤ ቤቱን ስትሸጡም ለገዢው አስረክቡት።